ሊመረቅ ትንሽ የቀረው ሰው

በየሰፈሩ ሊመረቅ ትንሽ የቀረው አንድ ሰው አይጠፋም። የተመረቁት ኮሌጁን ረስተው ኑሯቸውን ሲያሳድዱ፣ እሱ ዛሬም የመማሪያ ክፍሉን ከነመስኮቱ ይተርክላችኋል። የጎረቤት ፍሪጅ ሲበላሽ "እኛ ኮሌጅ ሳለን" ብሎ ይጀምራል፤ ወሬው ሳያልቅ በረዶው ቀልጦ ያልቃል።

የሳሙና ፋብሪካው የጥገና ሠራተኛ ክቡር ኢንጂነር ከነዚህ አንዱ ናቸው። "ኢንጂነር" ብሎ የሰየማቸው ሰፈሩ ነው፣ ያውም ኮሌጅ የገቡ ዕለት። ሰውየው ሳይመረቁ ስሙ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ዘበኛው ሌላ ስም ያላቸው የሚመስለው የለም። ለምን እንዳልጨረሱ ለሚጠይቃቸው መልሱ እንደ ጠያቂው ነው፤ ለዘበኛው መምህር ቀንቶባቸው፣ ለአከራያቸው ኮሌጁ የሚያስተምራቸው አልቆበት። አጥብቆ ለያዛቸው ግን አንድ አባባል አለቻቸው፦ "ነገሩ አተያይ ነው።"

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ጉድ ፈላ። ቦታው ለኢንጂነር እንደሚገባ ፋብሪካው ሁሉ ያወራል፤ ማስታወቂያው ግን የትምህርት ደረጃ በግልጽ የሰፈረበት ሲቪ ይጠይቃል፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። እውነቱ ከተጻፈ ሹመቱም ስሙም አብረው ሊሄዱ ነው። ውሸት ከተጻፈ ዲግሪውን አምጣ መባል አይቀርም። ቢጨንቃቸው በምሳ ሰዓት የእህታቸው ልጅ ወደምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት መጡ። እናቷ ከሞተች ወዲህ በእጃቸው ያደገች ናት።

"የትምህርት ደረጃ ምን ልበል ጋሼ?"

"'ኮሌጅ ገብቷል' በይ።"

"መግባትማ ገብተሃል። መውጣትህስ?"

"እሱን ማን ጠየቀሽ? እሺ አጥፊውና 'በመማር ላይ ያለ' በይ።"

ልጅቷ ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች፣ በመጨረሻም ግራ ገባት። "የኔ አጎት ኢንጂነር ነው" ብላ ትምህርት ቤት የተደባደበች ልጅ ናት። አሁን ለየትኛው ኢንጂነር እንደተደባደበች እንኳ ጠፋባት።

"ጋሼ፣ ተመርቀሃል ወይስ አልተመረቅህም?"

"ፈቃድ ላይ ነኝ።"

"የምን ፈቃድ?"

"የአንድ ሳምንት።"

ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"እናትሽ ስትታመም አንቺን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ገና መዳህም አልጀመርሽም ነበር። እኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ፤ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠየቅሁና መጣሁ።"

"እና ለምን አልተመለስክም?"

"አንቺ መቼ ለቀቅሽኝና?"

ለዘበኛ እንኳ ምክንያት የማያጣ ሰው ይህን ከእሷ መደበቁ አናደዳት። ወዲያው አንጀቷን በላት። ቀጥሎ ሳቋ መጣ። የቱን እንደምታስቀድም ስላላወቀች ፊቷን ወደ ኮምፒዩተሩ መልሳ እቅጩን ጻፈች፦ "ኮሌጅ፣ እስከ ሦስተኛ ዓመት። አላጠናቀቀም።"

ክቡርነታቸው አነበቡት። ፊታቸው ከበደ፤ ግን አጥፊው አላሉም።

ልጅቷ ወደ ሥራ ልምዱ ወረደችና ከፋብሪካው በታች አንድ መስመር ጨመረች፦ "ከዚያ ወዲህ፣ ልጅ ማሳደግ።"

"ይሄ ደግሞ የሥራ ልምድ ነው እንዴ?"

"ነገሩ አተያይ ነው ጋሼ።"

ወረቀቱ ከማሽኑ ትኩሱን ወጣ። ኢንጂነር ተቀብለው እስከ በሩ ከሄዱ በኋላ ቆም አሉ። ከላይ አነበቡት፣ ከታች አነበቡት፣ ልጅቷን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ከዚያ ተመልሰው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

"'አላጠናቀቀም' የምትለዋን እታችም፣ 'ልጅ ማሳደግ' ላይ ድገሚያት" አሉ።