የጋሽ እንደገና የመጀመሪያ ግምት

በሕንፃችን «ጋሽ እንደገና» ስለምንላቸው ሰው ለመጻፍ የምበቃ አይደለሁም። ጎረቤቴ ናቸው እንጂ በቅጡ አላውቃቸውም፤ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሮኒክስ መምህር ናቸው፣ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ፣ አለቀ። ግን እንዲህ ዓይነት ሰው የሌለበት ሕንፃ ያለ አይመስለኝም። ሌላው ለክቶ ይቆርጣል፤ እንዲህ ያሉት ቆርጠው ይለካሉ።

«መጀመሪያ እንሳሳት፣ ከዚያ እናርማለን» ይላሉ ክቡርነታቸው። መስታወት ሲሰቅሉ ምስማሩን በግምት ይመቱና ራቅ ብለው ያያሉ። «ትንሽ ወደ ግራ። እንደገና።» ግድግዳቸው ወንፊት ሆኗል። መስታወቱ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል።

ሙቅ ውሃ ላይ አልቀናቸውም። የሁለታችን ቤት ውሃ የሚመጣው ከአንድ ማሞቂያ ነው። እሳቸው ሙቁን ከፈት ሲያደርጉ እኔ ጋ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ስከፍት እሳቸው ጋ። እንዲህ ስንጓተት ሳሙናው ከላያችን ሳይለቅ ማሞቂያው ባዶ ይቀራል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ይኼኛው ስሌት አይረጋም» አሉኝ፣ ጥፋቱ የሒሳብ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ ሁሉ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፣ ልጄ ፈተና እስክትወድቅ ድረስ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። ጎበዝ ናት፤ ችግሯ እኔን አባቷን መምሰሏ ነው፤ ትክክል መሆኗን ሳታረጋግጥ አፏን አትከፍትም። ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያሳልፈው ዳዮድ የተጠየቀችውን ባዶውን መለሰችው። ድጋሚ ፈተናውንም ከወደቀች ትምህርቷ እዚያ ላይ ያበቃል። እያፈርኩ የጋሽ እንደገናን በር አንኳኳሁ።

ወደ እኛ ወርደው ጠረጴዛችን ጋ ተቀምጠው አንድ ባትሪ፣ ከረንት የሚገታ አንድ ሬዚስተርና አንድ ዳዮድ ሳሉላት።

«ከረንቱ ስንት ነው?»

«የዳዮዱን ቮልቴጅ ሳላውቅ እንዴት ላስላው ጋሼ?»

«ቮልቴጁንስ?»

«እሱ ደግሞ ከረንቱን ይፈልጋል።»

«እንግዲህ ሁለቱም አንቺን እየጠበቁ ነው። ገምቺ።»

«ብሳሳትስ?»

«ትሳሳቻለሽ እንጂ። ዜሮ ነጥብ ሰባት ቮልት በይ።»

ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ጻፈች። በግምቷ ከረንቱን አገኘች፤ በከረንቱ ቮልቴጁን መልሳ ስታሰላው ከግምቷ ትንሽ ከፍ አለ። «እንደገና» አሉ። አዲሱን ይዛ ጀመረች። ይኼኛው ልዩነት ከቅድሙ አነሰ። «እንደገና።» ከዚያ ቁጥሩ አልነቃነቅ አለ።

«ይኸው ነው?» አለች፣ እንደተታለለ ሰው።

«ይኸው ነው። ባዶ ወረቀት ግን አይታረምም።»

ድጋሚውን አለፈች። መልሷ ስርዝ ድልዝ ብቻ እንደነበር ስትነግረኝ ኮራ ብላ ነው።

ላመሰግናቸው ወደ ቤታቸው ወጣሁ። ምስማር በአፋቸው ይዘው፣ መዶሻ አንስተው ወንበር ላይ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አልኩ። «መጀመሪያ ሳይዎት ሥራውን የማያውቅ ሰው ብዬ ነበር። መስታወቱን ካየሁ በኋላ ትንሽ አረምኩ። ልጄን ሲያስተምሩ ደግሞ አረምኩ። አሁን... እርስዎስ፣ ስለ እኔ የመጀመሪያ ግምትዎ ምን ነበር?» አልኩ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ምስማሩን ከአፋቸው ሲያወጡ ሊመልሱልኝ መሰለኝ። ግድግዳው ላይ መቱትና፣

«እስቲ ራቅ ብለህ እይልኝ» አሉ።