ሸጊት እና ሰማዩ የተሽቀዳደሙ ዕለት

የሰርግ መኪና ነገር ሰሞኑን ይከነክነኛል። ሥራ ፈት ብትሉኝ አልቀየምም፤ ጡረታ የወጣ መምህር መንገድ ዳር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ካላየ ሌላ ምን ያያል? ባለፈው ቅዳሜ በመካነ ኢየሱስ ዋና መንገድ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲያልፍ ዋለ። መኪኖቹ ሁሉ ነጭ፣ ሁሉም አፍንጫቸው ላይ ያው የላስቲክ አበባ፣ ሁሉም ከባሕር ዳር በኪራይ የመጡ። አንዱ ሙሽራ ተሳስቶ የሌላው መኪና ውስጥ ቢገባ ማን ያውቅበታል? ሹፌሩም አያውቅ! ድሮ መኪና መልክ ነበረው፣ ገና ከሩቅ በድምፁ ተለይቶ “እገሌ መጡ” ይባል ነበር ብዬ ለጎረቤት ልጆች ብነግራቸው፣ “መምህር ደግሞ ጀመራቸው” ብለው ስልካቸው ላይ አቀረቀሩ።

ያቀርቅሩ። እኔ ግን ሁለት አሮጌ መኪኖች አንድ ደህና ሰርግ ሊያፈርሱ ሲሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ወደኛ አገር ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አያ ጥጋቡ የሚባሉ ጡረተኛ ሹፌር ነበሩን። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ሲነዱ ነው። እስቴን፣ ስማዳን፣ ጋይንትን አዳርሰውባታል። እስከ ወገዳ ያለውን ድንጋይ በየስሙ ነው የሚጠሩት ይባልላቸው ነበር። ታዲያ እሳቸው ጡረታ ሲወጡ መኪናዪቱም አብራ ወጣች። አጥር ሥር ተጥላ ዶሮ እንቁላል ይጥልባት ጀመር። አያ ጥጋቡ በዚያ ባለፉ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆም ይላሉ፤ ለቅሶ የደረሱ ነው የሚመስሉት። በመጨረሻ መኪናዋ ለጨረታ ስትወጣ ከእሳቸው በቀር ተጫራች አልመጣም። ማን ይምጣ? ገዝተው በበሬ አስጎትተው ቤታቸው አስገቧት። ውስጧ የታቀፈችው ዶሮም አብራ መጣች።

ከዚያ ወዲያ አያ ጥጋቡን ሊጠይቅ የሄደ ሰው የሚያገኘው እግራቸውን ብቻ ነው። የቀረው ገላቸው መኪናዋ ሥር ነው። እህል የሚቀርብላቸውም እዚያው ነበር። ፈታትተው ገጣጠሟት፣ አረንጓዴ ቀለም ቀቧት፣ ስሟንም ሸጊት አሏት። የምትነሣው በማኖቬላ ነው፤ ያም ብረት ከፊቷ ተሰክቶ እንደ እርጎ ይናጣል። በቁልፍ የምትነሣ መኪና ለባለቤቷ ክብር የላትም ባይ ናቸው።

ሁለተኛው ሰው አያ ደምሴ ናቸው። ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ አናት ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። የእሳቸው ልብ ቮልስ ላይ ነው። በወጣትነታቸው ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ሰማያዊ ቮልስ በአጠገባቸው ሲያልፍ አይተው ልባቸው አብሮት ሄዶ ነበር። ፀጉራቸው ከሸበተ በኋላ ጎንደር አንድ ግቢ ውስጥ ሞተር የሌለው ቮልስ አገኙና አይሱዙ ላይ አስጭነው መጡ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ደጅ ወጥተው አይተው፣ “ሰው ከተማ ሄዶ ጨው ይዞ ይመጣል፤ የኔ ባል ሬሳ ይዞልኝ መጣ!” አሉ።

ሬሳው ግን ተነሣ። ከወፍጮ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው ቮልስ አያቅተውም። ሞተሩን ከሌላ ቦታ በጆንያ ጠቅልለው አምጥተው ገጠሙለት። የወንበሩን ቆዳ ያለሰለሱት በእትዬ ጥሩወርቅ የበዓል ቅቤ ነው። የዚያን ዓመት ፋሲካ ወጡ ደረቅ ነበር፤ ወንበሩ ግን ያበራ ነበር። ሰማዩ ብለው ሰየሙት። ገበያተኛው ሰማዩን ከቦ ሲያይ ሞተሩ በስተኋላ መሆኑ ግራ ያጋባዋል። አንድ ሽማግሌ ዙሪያውን ዞረው መረመሩና፣ “ይሄስ የተሠራው ወደኋላ ለመሄድ ነው” ብለው ፈረዱ።

አያ ጥጋቡና አያ ደምሴ ታዲያ የልብ ወዳጆች ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቁመው ይወለውላሉ፣ ድሮን ያነሣሉ። “የዛሬ መኪና እኮ ቆርቆሮ ነው” ይላሉ አያ ጥጋቡ። “ቆርቆሮስ ቤት ይከድናል” ይላሉ አያ ደምሴ። እንዲህ ሲሉ ይመሻል።

በዚህ ሁሉ ውልወላ መሐል ልጆቻቸው ተዋደዱ። የአያ ጥጋቡ ልጅ ትርንጎ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። የአያ ደምሴ ልጅ ይታያል የኔው ተማሪ የነበረ፣ እሱም አስተማሪ የሆነ፣ አለባበስ ላይ ጥንቁቅ ልጅ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ጋብቻ ከየት ይምጣ? ሽማግሌ ተላከ፣ እሺ ተባለ፣ ቀኑ ለጥር ተቆረጠ። እኔም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ። ሁሉ ነገር አልቆ ጠላ እየጠጣን ሳለ አያ ጥጋቡ ደስ ብሏቸው፣

“እንግዲህ ልጄን በሸጊት አድርጌ እራሴ አደርስላችኋለሁ” አሉ።

አያ ደምሴ ጠላውን ከአፋቸው መለሱት።

“ሙሽራ የሚወስደው የወንዱ ወገን ነው። ምራቴ የምትመጣው በሰማዩ ነው።”

“ሞተሩ መቀመጫው ላይ ባለ መኪና ልጄን አልሰድም።”

“እኔም ምራቴን ከዶሮ ቆጥ አላወርድም!”

በቃ። ዕድሜ ልካቸውን አንተ ሲባባሉ የኖሩ ሰዎች እዚያው አንቱ መባባል ጀመሩ። እንዲህ ያለ አንቱታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ከስድብ ይከፋል። “አንቱ ያሉትን ይበሉ፣ እኔ ልጅ የለኝም” አሉ አያ ጥጋቡ። “አንቱ ልጅ ከሌለዎት እኔም ሰርግ የለኝም” አሉ አያ ደምሴ። ጋቢያቸውን እያራገፉ በየፊናቸው ወጡ።

ቀልድ መስሎን ነበር። ግን ቀናት አለፉ፤ ጌሾው ተወቅጦ ቆመ፣ ድንኳን የሚያከራየው ሰው “ለሌላ ልስጠው ወይ?” ብሎ ላከ። ይታያል ከስቶ እኔ ዘንድ መጣ። “መምህር፣ በሁለት ብረት ምክንያት ሚስት ላጣ ነው” አለኝ። ትርንጎ ደግሞ ለአባቷ ምሳ ስታቀርብ እንባዋ ጠብ እያለ ነው አሉ፤ አባት መኪናዋ ሥር ስለሆኑ አላዩትም።

ቅስናም ስላላቸው የሁለቱም የነፍስ አባት የሆኑትን መሪጌታ እንዳለውን ይዘን ሄድን። መሪጌታ ቢመክሩ ቢገሥጹ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ተናደዱና፣ “ፈረስ ያለው ሰው ሜዳ ወርዶ ይሽቀዳደማል። እናንተ መኪና ይዛችሁ በአፍ ትሽቀዳደማላችሁ!” አሉ። ሊያሳፍሯቸው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ቀና ብለው ተያዩ። ዓይናቸው እንዴት እንዳበራ ባያችሁ! መሪጌታ ያሉትን ለመመለስ አፋቸውን ሲከፍቱ አያ ደምሴ ቀደሟቸው፦

“ከአፍዎ ወጥቷል፣ አባታችን። የቀደመ ሙሽራዋን ይውሰድ።”

ከከተማው በታች ግሬደር ገና የደለደለው ቀጥ ያለ ሜዳማ መንገድ ነበር። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ገበሬው ሁሉ አህያውን ወደ ዳር እየነዳ ቆመ። አያ ጥጋቡ ሸጊትን ሸራዋን፣ በሮቿን፣ ትርፍ ጎማዋን አውልቀው አቅልለዋት ነበር፤ ራቁቷን የመጣች መሰለች። አያ ደምሴ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሰማዩ ከፊት ስለሚቀለው መንገድ እንዳይለቅ ብለው አፍንጫው ውስጥ አንድ ጆንያ ገብስ ደብቀዋል። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው።

የመድረሻው ዳኛ እኔ ነበርኩ፤ ግን ምርቃት ሳይደርሰኝ አልሄድም ብዬ መነሻው ላይ ቆየሁ። ስምምነቱ እንዲህ ነው፦ መሪጌታ ይመርቃሉ፣ “አሜን” ሲባል መኪኖቹ ይነሣሉ። ማን እንዳሰበው አላውቅም። ያሰበው ሰው ምርቃት ሰምቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ሸጊት በማኖቬላ ተነሣች፣ ሰማዩም ተነሣ፣ መሪጌታ መስቀላቸውን ይዘው ጀመሩ። “ጋብቻውን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልን!”

“አሜን!” አለ ሕዝቡ።

ሰማዩ ተፈተለከ። “ተመለስ! ተመለስ!” ተብሎ፣ ሰው ተሯሩጦ በስንት መከራ መለሱት። መሪጌታ ቀጠሉ። “ዘመኑን የጥጋብ…” ሰው ገና ሳይጨርሱላቸው “አሜን!” ሲል አሁን ደግሞ ሸጊት ዘለለች፤ አንዲት አህያ ደንግጣ እስከነጭነቷ ወደ መጣችበት ተመለሰች። አያ ጥጋቡ ዞረው፣ “አባታችን፣ አሜን የሌለበት ምርቃት የለዎትም?” አሉ።

“አሜን የሌለበት ምርቃትማ እርግማን ነው” አሉ መሪጌታ።

ስለዚህ ምርቃቱ ቆመ። መሪጌታ ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ይዘው ሲጥሉት እንዲነሡ ተባለ። እኔም ሮጬ መድረሻው ላይ ቆምኩ።

ነጠላው ወደቀ። ኧረ የተነሣው አቧራ! ከአቧራው ቀድሞ የወጣው ሰማዩ ነው፤ ወፍጮ ቤቱን እንዳለ የተሸከመ ይመስል ይንደቀደቃል። ሸጊት ከኋላ ጥቁር ጭሷን እየተፋች ትከተላለች። ሜዳው አጋማሽ ላይ ሲደርሱ የሰማዩ የፊት ክዳን ብድግ አለና መስተዋቱን ሸፈነው። የገብሱ ጆንያ ተፈትቶ መንገዱ ላይ ይዘራ ጀመር። አያ ደምሴ ፍጥነት የሚቀንሱ ሰው አይደሉም። አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ገብሱ ፊታቸውን እየገረፋቸው ይነዳሉ! ግን ቀጥ ብሎ መሄድ አልተቻለም። ሸጊት ደረሰች፣ ተካከለች፣ አለፈች። የኔንም መስመር አለፈች።

ማለፏንስ አለፈች፤ አልቆመችም እንጂ። ሸጊት ፍሬን የላትም አይባልም፤ ሲረግጧት የምታስብበት ናት። አያ ጥጋቡ እጃቸውን ለሕዝቡ እያውለበለቡ በአጠገቤ አልፈው መንገዱ መጨረሻ ወዳለው ወንዝ ወረዱ፤ ከዚያ ድምፃቸው ብቻ ተሰማ። አያ ደምሴ ግን መጥተው እግሬ ሥር ጸጥ ብለው ቆሙ። ከጢማቸው ገብስ እያራገፉ፣

“ፍረድ እንግዲህ፣ መምህር” አሉኝ።

“የቀደሙት አያ ጥጋቡ ናቸው።”

“የታሉ?”

“አለፉ።”

“ውድድሩ መድረስ ነው ወይስ ማለፍ? እዚህ ድረሱ ተባለ፤ እዚህ የቆምኩት እኔ ነኝ። እሳቸው እኮ መንገደኛ ናቸው!”

ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። መሪጌታ ደርሰው ባይገላግሉኝ እዚያው እመሽ ነበር። ፍርዳቸው አጭር ነበር፦ ሙሽራዋ በሸጊት ትሂድ፣ ሰማዩ ደግሞ ከኋላዋ ይከተል፤ ከዚህ በኋላ የተናገረ ካለ ሁለቱንም መኪኖች ለቤተ ክርስቲያን እወስዳለሁ።

ሰርጉ ዕለት እኔ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ዳገቱ አናት ላይ፣ ድንኳኑ ደጃፍ፣ ሙሽሮቹን ከሚቀበለው ሰው መሐል ነበርኩ። ዘገዩ። ከታች የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ይጠፋል፤ ደግሞ ይሰማል። ወፍጮ ቤቱ ተቃጠለ ወይ እስክንል ድረስ አካባቢው በጭስ ተሞላ። በኋላ ከእጥፋቱ ብቅ አሉ። ሸጊት ከፊት፣ ሙሽሮቹ ውስጧ፣ ከክዳኗ ሥር እንፋሎት እንደ ምንጭ ይፈልቃል። ከኋላዋ ሰማዩ አፍንጫውን ወገቧ ላይ ለጥፎ ይገፋታል! ገና ዳገቱን ስትጀምር ውኃዋ ፈልቶ አቅቷት ነበርና አያ ደምሴ ከታች ጀምረው ነው የገፏት። እልልታው ቀለጠ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከየመኪናቸው ወርደው፣ “አንተ ባትኖር!” “አንተስ ብትሆን!” እየተባባሉ ተቃቀፉ። መሪጌታ እንባቸው መጣ።

ክርክሩ ያበቃ መስሏችሁ ይሆናል። ምን በወጣው! እስከ ዛሬ ሁለቱ አማቾች በተገናኙ ቁጥር ይኸው ነው። “ሙሽራዋን ያመጣት ሸጊት ናት፣ የተሸከመቻት እሷ ናት።” “ኧረ ወግድ! ሸጊትንም ሙሽራዋንም ያመጣ ሰማዩ ነው።” የልጅ ልጆቻቸውም በሁለት ጎራ ተከፍለዋል። ባለፈው በዓል ቤታቸው ተጠርቼ ሄጄ ይኼው ጭቅጭቅ ሲነሣ ወደ ትርንጎ ዞርኩ።

“አንቺ ነሽ የነበርሽበትና ፍረጂ። ማን ነው ያመጣሽ?”

ትርንጎ አባቷና አማቷ እንደማይሰሟት አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“ላንቱ ልንገርዎ፣ መምህር፣ አደራ። ማንም አላመጣኝም። ሸጊት ስትቆም ‘ውረዱላት ትቅለል’ ተባለ። ሚዜውም እኔም ወርደን ያን ዳገት ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ነው የወጣሁት። ከእጥፋቱ ጋ ስንደርስ ነው መልሰው ያስገቡን።”

“እንዴ! ታዲያ ሸጊት ያን ሁሉ ዳገት ባዶዋን ነበር የምትገፋው?”

“ኧረ ባዶዋንስ አልነበረችም” አለች። “ይታያል ተቀምጦባት ነበር፤ ሱፉን አቧራ እንዳይነካበት ብሎ።”