የቀረ ይመረጣል

ሰው ስብሰባ የሚጠላው ወሬ ጠልቶ እንዳይመስላችሁ። ወሬ የሚጠላ የት አለ? እኔ ራሴ ውሃ ልቀዳ ወርጄ፣ ወሬውን ሞልቼ እንስራዬን ባዶውን ይዤ የተመለስኩበት ቀን አለ። በደርግ ዘመን ግን ስብሰባ ማለት አንዱ ቆሞ የሚያወራበት፣ ሌላው ተቀምጦ የሚያጨበጭብበት፣ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ነገር አዋጡ የሚባልበት ነበር። ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ጥሪ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው ምን ብሎ እንደሚቀር ነው። አንዱን ያመዋል፣ አንዱ ክርስትና ተጠርቷል፣ አንዱ በሬው ጠፍቶበታል። በስብሰባ ቀን የጠፋው በሬ ሁሉ በእርሻ ቀን ቢገኝ ኖሮ አገር በጠገበ።

እኛ የምንኖረው ከጎረቤላ ከተማ ራቅ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ትምህርት ቤታችን እስከ አምስተኛ ክፍል ብቻ ነበረች፤ የልጅ ልጄ ዘነበች ደግሞ አምስተኛን ልትጨርስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ትምህርት ጎረቤላ ነው፤ መንገዱ ገደል፣ ወንዙም ሲሞላ ሰው የማያሳልፍ። አባቷ፣ የእኔው ልጅ፣ ቁርጡን ነግሮኛል። “እማዬ፣ እዚሁ ስድስተኛ ከተከፈተ ትማር። ካልተከፈተ ሴት ልጅ ብቻዋን ያን ገደል አታቋርጥም። የጠየቋት ሰዎች አሉ፣ እድራታለሁ።” ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። ፍርሃት ደግሞ ድግስ ቶሎ ይደግሳል።

ዲሬክተሩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። “ጓዶች” ሳይል ውሃ እንኳ የማይጠይቅ ቀጭን ወጣት። ለስድስተኛ ክፍል የሚሆን ቆርቆሮ ከመንግሥት ተፈቅዶለታል፤ ሕዝቡ ክረምት ሳይገባ ግድግዳውን ካላቆመ ግን ቆርቆሮው ለሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ይህንኑ ሊነግረን ብሎ ተማሪዎቹን ሁሉ ሰብስቦ “ነገ ወላጅ አምጡ” አላቸው።

አይ የከተማ ልጅ። በእኛ አገር “ወላጅ አምጣ” የሚባለው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነው። ያን ዕለት ማታ ልጅ ያላለቀሰበት ቤት አልነበረም።

“ምን አጥፍተህ ነው?”

“ምንም አላጠፋሁም፣ አባዬ።”

“ምንም ያላጠፋ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል?”

በማግሥቱ ወላጅ ሁሉ አርጩሜውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። አንዱማ ገና ከበሩ ልጁን ወደፊት ገፍቶ “የኔታ፣ ሥጋው ለእርስዎ፣ አጥንቱ ለእኔ” አለው። ዲሬክተሩ የሚገባበት ጠፋው። ያም ሆኖ ስለ ሰፊው ሕዝብ መናገር ጀመረ። ተናገረ፣ ተናገረ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲደርስ ሰፊው ሕዝብ አንቀላፍቷል። በመጨረሻ “የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ምረጡ” አለ።

ሁሉም ጫማውን ያያል፤ ጫማ የሌለውም እግሩን።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የሚመረጠው የቀረ ሰው ነው። ያለ ሰው “አልችልም” ይላል፤ የቀረ አፍ የለውም። ከኋላ አንዱ “እንድሪስ ይሁን” አለ፣ እጅ ሁሉ እንደ ማሽላ ቆመ። እንድሪስ ከአልዩ አምባ ገበያ በርበሬና ጨው የሚያመላልስ ጎረቤታችን ነው፤ ልጁም ከዘነበች ጋር ይማራል፤ ያን ዕለት ግን ገበያ ሄዷል።

በቅሎውን እየነዳ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅሁት።

“እንኳን ደስ አለህ፣ ተሹመሃል።”

“ወላሂ? እኔ በሌለሁበት?”

“ስለሌለህማ ነው።”

ነገሩን ሁሉ አጫወትሁት፤ የቆርቆሮውንም፣ የዘነበችንም። በቅሎዋን እንደያዘ ቆሞ አሰበ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሳቀ። “ግድ የለም እትዬ አስካለ። እነሱ እኔን በመረጡበት መንገድ እኔም እነሱን እመርጣቸዋለሁ።”

ለእሁድ ስብሰባ ጠራ። ንግግር የለ፣ ጓድ የለ። በልጆቹ አፍ የላከው ይህችን ብቻ ነው፦ የድንጋይ አለቃ፣ የጭቃ አለቃ፣ የምሰሶ አለቃ እንሾማለን፤ የቀረ ይመረጣል።

ያን እሁድ የጠፋው በሬ ሁሉ ተገኘ። በሽተኛው ዘንጉን ተመርኩዞ፣ ቄሱ ከቅዳሴ እንደወጡ እህል ሳይቀምሱ መጡ። አንድ ጎልማሳ ብቻ እንደ ልማዱ ቀረ፤ የጭቃ አለቃ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ የቀረ የለም። ሰው ደግሞ አንዴ ከመጣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያፍራል። “ከመጣን አይቀር” እያለ አንዱ ድንጋይ አነሳ፣ አንዷ ውሃ ቀዳች፣ አንዱ ጭቃ ረገጠ። የእኔው ልጅ እንኳ፣ ያ ድግስ ሲያስብ የነበረው፣ ትከሻው እስኪላጥ ምሰሶ ተሸከመ። ሰኔ ሳይገባ ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮውም መጣ። ዲሬክተሩ “በሰፊው ሕዝብ ንቃት የተሠራ” ብሎ ለበላዮቹ ነገረ። አልዋሸም። ሹመት የፈራ ሰው መች ይተኛል?

መስከረም ሲጠባ ዘነበች ስድስተኛ ገባች። ልጄም ትከሻውን እያሻሸ “የተሸከምኩበትን ትምህርትማ አላስተዋትም” አለ። እኔ ሌላ ሰው ሳልልክ ራሴ ወደ ጠያቂዎቿ ቤት ሄጄ “ልጅቷ ትማራለች፣ አትቀየሙን” ብዬ ነገሩን ቆርጬ ተመለስኩ። እንደዚያን ቀን መንገድ ቀልሎኝ አያውቅም። ዘነበች ከሩቅ አየችኝና እየሳቀች ሮጣ መጣች።

“እማማ፣ ዛሬ እኮ ስብሰባ ነበር። እንድሪስ ንግዴ ተጎዳብኝ ብሎ ወረደ።”

“ታዲያ ማን ተተካ?”

“ሁሉም መጥቶ ነበር። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው።”

ፊደል አልቆጠርኩም ብል ማን ሰምቶኝ። ይኸው ሊቀመንበር ሆኜ ቀረሁ። ዘነበች ስድስተኛን ጨርሳ፣ አባቷ ራሱ ገደሉን እያሻገራት ጎረቤላ መማር ጀመረች፤ እኔ እዚያው ወንበሩ ላይ ነኝ። ለመውረድ አንድ ሰው መቅረት አለበት፣ የሚቀር ሰው ደግሞ ጠፋ። ያኔ በሬዲዮ የትልልቆቹን ሹማምንት ስም ከነማዕረጋቸው ሲጠሩ ስሰማ፣ ሰው ሁሉ ሲፈራቸው እኔ አዝንላቸው ነበር። ምስኪኖች፣ እነሱም አንድ ቀን ቀርተው ይሆናል።