ሙዚየሙን የዘሩት እትዬ ዘይነባ

አንድ ዕቃ «ቅርስ» ከተባለ በኋላ ኑሮው የጫጉላ ሙሽራ ኑሮ ነው፤ ይቀመጣል፣ ይታያል፣ ሥራ አይነካም። እኔም ከሰው ይልቅ መጽሐፍ የሚቀለኝ ዓይን አፋር ስለሆንኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሸዋ ሮቢት ያለችው ባለ አንድ ክፍል ሙዚየም ስመደብ ደስ አለኝ። ቅርስ አያናግርም። የቅርስ ባለቤቶች እንደሚያናግሩ ማን ነግሮኝ።

አለቃዬ ክፍሏን ለወንበር ማከማቻ ከተመኟት ቆይተዋል። «ተማሪዎች ይመጣሉ። በቅርሶቹ ስለ አየር ንብረት አስተምሪያቸው፤ አስፈራርተሽ ሳይሆን ተስፋ ሰጥተሽ። እንዳለፈው ካዛጉ ወንበሮቹ ይገባሉ» አሉኝ። በእኛ ሙቀት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆሞ አለማዛጋት፣ አንባቢዬ፣ እርስዎም አይሆንልዎትም።

መተማመኛዬ ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት አንድ እቅፍ የማሽላ ዛላ ነበር። እትዬ ዘይነባ የሚባሉ የቀወት ወረዳ ገበሬ አምና የሰጡን፣ ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርስ፣ ሰው ምርጥ ዘር ካየ ወዲህ የረሳው ዘር ነው። ከሥሩ በቆንጆ ጽሕፈት «ድሮ ይዘራ የነበረ» ብዬበታለሁ።

ተማሪዎቹ በሚመጡበት ቀን ጠዋት እትዬ ዘይነባ በባጃጅ ከች አሉ። ከወቅቱ የዘገየው ዝናብ ገና ሌሊቱን መጣሉ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ማሽላዬን አውርጂልኝ።»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ቅርስ ሆኗል።»

«ይሁንለት። ዘንድሮ ሌላው አይደርስም፤ የኔው ችኩል ይሻላል።»

«ዛሬ ለልጆቹ ላሳየው ነበር።»

«ግድግዳ ላይ ሲበቅል የምታሳያቸው ከሆነ ወላሂ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

በእኛ አገር ዘር የጠየቀን ባዶ እጁን መስደድ ነውር ነው። ያነበብኳቸው የቅርስ አጠባበቅ መጻሕፍት ስለ ምስጥ፣ ስለ እርጥበትና ስለ ሌባ በሰፊው ይተነትናሉ፤ ስለ እትዬ ዘይነባ ግን ምንም አይሉም። አወረድኩ። ነውሩ ለእሳቸውም ነውርና፣ ያያቸው ጎረቤት ሁሉ «ለእኔም፣ ለእኔም» ሲል እዚያው ደጃፌ ላይ አከፋፈሉት።

ተማሪዎቹ ሲገቡ የቀረው ሚስማሩና ጽሑፉ ነው። አለቃዬ ከኋላ ቆመው ማዛጋት ይጠብቃሉ።

አንዲት ተማሪ ጽሑፉን አነበበችና «የት ሄደ?» አለች።

«ሊዘራ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያማ ማን ያዛጋ? «ማን ወሰደው? ይበቅላል? ካልበቀለስ? ሄደን እንየው?» ጥያቄው ሲዥጎደጎድ አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። አለቀልኝ ስል፣

«የተረፈ ዛላ የለም?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እናቴ ልካኝ ነው።»

ከእትዬ ዘይነባ ድርሻ ሁለት ዛላ ለምኜ ሰጠኋቸው።

ማሽላው ደረሰ። ዘር የወሰደ ደግሞ ጨምሮ ይመልሳልና፣ ሁሉም እቅፍ እቅፉን እያመጣ ሙዚየሟ ውስጥ መቆሚያ ጠፋ። ወንበሮቹ እስከ ዛሬ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ትልቁ እቅፍ የአለቃዬ እናት ያመጡት ነው፤ ራሳቸው መጥተው ክፍሉ መሃል ላይ አስቀመጡት። እስቲ ወንድ የሆነ ያንሣው።