ራሱን የለካው ኮምፒውተር

ሰው ራሱን በራሱ ሲለካ ጉድለት አግኝቶ አያውቅም። ኮምፒውተርም በዚህ በኩል ከሰው እንደማይሻል የተማርኩት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የስደተኞች ማኅበራችን አዳራሽ ውስጥ፣ በሰው ፊት ነው።

አዳራሹ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ልሙጥ ሲሚንቶ ነው። ሊቀመንበራችን ሐጂ ሰዒድ አንድ ቃል ሲናገሩ ሦስት አድርጎ ይመልሰዋል። አንድ ጊዜ የኢቃማ ምዝገባ ማክሰኞ ነው ቢሉ ለግማሹ ሰው ሐሙስ ሆኖ ተሰማው። ልብስ ሰፊዋ ዘውዲቱ ሐሙስ ብትሄድ መዝጋቢዎቹ የሉም። ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ስትቀይር ከረመች።

እኔ ሬዲዮና ቴፕ እጠግናለሁ። ኮምፒውተር ከገዛሁ ወዲህ ግን ራሴን ለሊቅነት ሾሜው ነበርና የአዳራሹን ማስተጋባት እለካዋለሁ አልኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ በድምፅ ማጉያ ፉጨት ይለቃል፤ ማይክሮፎኑ ክፍሉ የመለሰውን ይቀበላል። ከዚያ በፊት ግን የድምፅ ካርዱ መውጫ በአጭር ሽቦ ከገዛ መግቢያው ጋር ይገናኛል፤ ማሽኑ የራሱን ድምፅ ሰምቶ የራሱን እንከን አስቀድሞ እንዲያውቅ። ለስንቶቻችን በሆነ!

ሽቦውን ሰካሁ፣ አስተካከልኩ። ሰው ሲሰበሰብልኝ ጊዜ ግን መንቀሉን ረሳሁት። ቁልፉን ብጫን ስክሪኑ ላይ እንደ ገዳሪፍ ሜዳ የተዘረጋ መስመር መጣ፤ ጉብታ የለ፣ ጎድጓዳ የለ። አዳራሹ እንከን የለበትም፣ ችግሩ የሰሚው ጆሮ ነው ብዬ ፈረድኩ።

ዘውዲቱ ከኋላ ሆና በቀስታ ጠየቀችኝ፦ «ወንድሜ፣ እኛ ምንም ድምፅ አልሰማንም። ምኑን ነው የለካኸው?»

የሳይንስ ድምፅ ረቂቅ ነው፣ በተራ ጆሮ አይሰማም አልኳት። ይህን እየተናገርኩ ዓይኔ ሽቦው ላይ አረፈ። ፉጨቱ አዳራሹን ሳያይ በዚያች ስንዝር ሽቦ ዞሮ ገብቷል፤ ኮምፒውተሩ ራሱን ለክቶ ራሱን አመስግኗል። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለኔ ነው። ይቺን ሴትዮ ሌላ ሐሙስ ላሸክማት ነበር።

«ተሳስቻለሁ፤ የለካሁት አዳራሹን ሳይሆን ማሽኑን ነው» አልኩ። ማንም አልሳቀብኝም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሽቦውን ነቅዬ እንደገና ለካሁ። ፉጨቱ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው፤ መስመሩም የሰሜን ተራሮችን መሰለ። ሐጂ ከመጋዘናቸው አሮጌ የሰሊጥ ጆንያ ሰጡን፣ ዘውዲቱ ገጣጥማ ሰፋችው፣ ማስተጋባቱን እንዲውጥ ከጣሪያው ሥርና ከግድግዳው ሰቀልነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ የምዝገባ ቀን ሲነገር እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ተሰማ። ዘውዲቱም በቀኑ ሄዳ ኢቃማዋን ይዛ ተመለሰች።

ያን ዕለት ስብሰባው እንዳለቀ ሐጂ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። መረቁኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፦

«ወላሂ ልጄ፣ ድሮ ማንም ሳይሰማኝ ‹ግሩም ንግግር ነበር› ይሉኝ ነበር። ዛሬ ሰምተው ጥያቄ ጠየቁኝ። ከጆንያው ጥቂቱን ማውረድ አይቻልም?»