የተገለበጠው እስካቫተርና እኛ ጠያቂዎቹ

እኛ ሰፈር የወደቀ ሰው መሬት ላይ ትንሽ የመቆየት መብት የለውም። በክረምት ጭቃ አንሸራትቶት ዘፍ ያለ ሰው ገና የቱ ጋ እንዳመመው ሳይለይ፣ አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በክንዱ ይዞ ቀጥ ያደርገዋል፤ ሌላው ሱሪውን ያራግፍለታል፤ ከመንገዱ ማዶ ደግሞ «አይዞህ፣ ምንም አልሆንክም!» የሚል የማያውቀው ሰው አይጠፋም። ወዳቂውም ይሉኝታ አለበትና «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያለ፣ እያነከሰ ይሄዳል። ደጎች ነን፤ ይህን የሚክድ ካለ እጣላዋለሁ። ግን ችኩሎች ነን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ወንዝ ዳር የሕንፃ መሠረት ሲቆፍር የነበረ እስካቫተር አፈሩ ከዳውና ተገለበጠ። ውስጡ የነበረው ሽመልስ ነው፤ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ። ድምፁን ሰምተን ስንደርስ በቀበቶው ተንጠልጥሏል። ቀበቶውን ፈትቶ፣ በተሰበረው መስኮት ሾልኮ ወጣና በሁለት እግሩ ቆመ። ሴቶቹ እልል አሉ። «በእግሩ ወጣ!» የምትለዋ ወሬ ከእኛ ቀድማ ሰፈሩን አዳረሰች። ሚስቱ ወይንሸት በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጥታ «ሐኪም ቤት ውሰዱልኝ» ብትል፣ «በእግሩ የወጣን ሰው ሐኪም ምን ሊያደርገው?» ብለን አረጋጋናት። ሽመልስም ሳቀላት። ጎኑን ይዞ ነበር የሳቀው፤ ግን ማን ልብ ይላል?

በማግስቱ ክሬን መጥቶ እስካቫተሩን አቃናው። የማሽኑ ባለቤት «በሉ አስነሱትና እንየው» አለ። እኛም ዙሪያውን ከብበን የምንጠብቀው ይህንኑ ነው፤ ከተነሳ ተርፏል ማለት ነዋ! መካኒኩ ጋሽ ከድር ግን ቁልፉን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ተገልብጦ ያደረ ሞተር ነው» አሉ። «ዘይቱ የማይሆን ቦታ፣ ከፒስተኑ አናት ላይ ገብቷል። አሁን ብታስነሳው ዘይት አይጨመቅም፤ ብረቱ ነው የሚጣመመው።»

«ደህና ይመስላል እኮ፣ ጋሼ» አለ ባለቤቱ።

«መምሰሉንማ እኔም አየሁት። ይረፍ፤ ዘይቱ ይውረድ።»

አሳረፉት። የባትሪውን ገመድ ፈቱ፤ የፈሰሰውን ጠረጉ፤ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው እየዳበሱ ፈተሹ። በኋላም ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ነቃቅለው ሞተሩን ቀስ አድርገው በእጅ ቢያዞሩት፣ በየቀዳዳው ጥቁር ዘይት ተፋ። የባለቤቱ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲያ ማንም እንዳይጠጋ ማሽኑ ዙሪያ ገመድ ተወጠረ፤ አጠገቡ ያለፈ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያልፈው።

በዚያው ሰሞን ሽመልስ ቤት ምን ይደረግ ነበር መሰላችሁ? ጥየቃ። የጸሎት ቡድኑ ሰዎች መጥተው እጅ ጫኑለት፤ እማማ ዘርፌ ጠበል ይዘው መጡ፤ የዕድሩ ሰዎች መጡ፤ አስኮ ያሉ የሚስቱ ዘመዶች በሁለት ሚኒባስ መጡ። በሃይማኖት ለየቅል ነን፤ በአንድ ነገር ግን አንድ ነን፤ ሁላችንም እንደተቀመጥን «እስቲ እንዴት እንደሆነ ንገረን» እንላለን። ሽመልስም ይነግራል። አፈሩ እንደከዳው፣ ሰማዩ ከእግሩ ስር እንደመጣ፣ ሞተሩ እንዳጓራ። ሲጨርስ በሩ ይንኳኳል፤ ገቢው አዲስ ነውና ታሪኩ ከአፈሩ ይጀምራል። በየጠያቂው እንደ አዲስ የሚገለበጥ ሰው ሆነ። እኔማ ከመልመዴ የተነሳ ሲዘል ማረም ጀምሬ ነበር። «ቀበቶውን ረሳኸው» እለዋለሁ። እሱ ደግሞ «እውነትህን ነው» ብሎ ወደ ቀበቶው ይመለሳል። ጋደም ለማለት ጠያቂ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ጠያቂ ግን አያልቅም።

ማሽኑ የሚነሳበት ቀን ደረሰ። ፍርሃት ልቡ ውስጥ እንዳይቀር ራሱ ሽመልስ ያስነሳው ተባለ፤ ይህም ለእሱ ታስቦ ነው። ወይንሸት «ይቅርበት» ብትል የሰማት የለም። መሰላሉን ሲወጣ መሀል ላይ ቆም አለ። ከዚያ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ከዚያም ድምፁ እየጠራ መጣና ረጋ። እንዴት አጨበጨብን! ጋሽ ከድር ጎንበስ ብለው የሚያፈስ ነገር መኖሩን ሲያዩ፣ እኛ ተቃቅፈን «ተመስገን» ስንባባል፣ ሽመልስ መሪው ላይ ተደፍቶ ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

መጀመሪያ ያየችው ወይንሸት ናት።

«ብረቱን ስታሳርፉ ሰነበታችሁ» አለች፤ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። «ይሄንንስ ማን አየው?»

ተሸክመን ወደ ሐኪም ቤት በረርን። ጎድኑ ተሰብሯል፤ ደም ሳንባውን ተጭኖታል። «እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» አለችን ሐኪሟ። በእግሩ ወጥቶ ነበር ብለን እንዴት እንንገራት?

እግዜር ይመስገን፣ ተረፈ። ቤቱ በገባ ማግስት ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ወይንሸት በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ደፉ ላይ በርጩማ አውጥታ ተቀምጣለች። እማማ ዘርፌና ከጸሎት ቡድኑ ሁለት ሰዎች ግንቡን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፤ ከእኔ ቀድመው መጥተው ከበር የተመለሱ ናቸው።

«አንድ አፍታ ገባ ብዬ እንኳን ለዚህ አበቃህ ልበለው» አልኳት።

«አይግቡ፣ ጋሼ» አለችኝ። «ዘይቱ ይውረድ።»

ልቆጣ አሰብኩ፤ ግድግዳ የምጋራ ሰው ነኝ እኮ! ግን ምን ብዬ? ብርቱካኑን ሰጥቻት ከእነ እማማ ዘርፌ ጎን ተቀመጥኩ። ከውስጥ የሽመልስ ማንኮራፋት ይሰማል። እንዴት እንደተገለበጠ የጠየቀ አልነበረም።