የጊምቢቹ ፍሪጅና አሥራ ሁለቱ ዲግሪ

ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቡ የማይደነግጥ ሰው ካለ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፎ ለሰው አስረክቦ የማያውቅ መሆን አለበት። ግንበኛ እንኳ ቤቱ ቢሰነጠቅ በመሬቱ ያሳብባል። እኛ በምን እናሳብብ?

ያን ጊዜ ሆሳዕና ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ጊምቢቹ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጁን ሙቀት የሚጠብቅ ፕሮግራም ፈለገና ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩለት። ፍሪጁ ላይ የተገጠመች አንዲት ሣጥን በየደቂቃው በገመድ አንድ መስመር ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተሩ ትልካለች፤ የፍሪጁ ቁጥር፣ የላይኛው መደርደሪያ ሙቀት፣ የታችኛው መደርደሪያ ሙቀት፣ የባትሪው ቮልት። «1,5,4,12» እንደ ማለት ነው። ፕሮግራሜ ኮማው ላይ እየቆረጠ ቁጥሮቹን በየቦታቸው ያስቀምጣል፤ ሙቀቱ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ይጮኻል። በርክክቡ ዕለት ንግግርም አድርጌያለሁ። ምን እንዳልኩ ግን አልነግራችሁም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የክትባት ክፍሏ ነርስ ሲስተር አበበች ናት። ፕሮግራሙ የታችኛው መደርደሪያ አሥራ ሁለት ዲግሪ ገባ እያለ ይጮኻል፤ ለነገው የኩፍኝ ክትባት እናቶች ከየቀበሌው ተጠርተዋል። ምናልባት ፕሮግራሙ ተሳስቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኮምፒውተር አይሳሳትም» አልኳት።

ስልኩ ሲዘጋ ላብ አጠመቀኝ። ተማሪዎቼን አሰናብቼ መናኸሪያ ሮጥኩ። የቸኮለ ሰው የገባበት ሚኒባስ ደግሞ መቼ ሞልቶ ያውቃል? ሁለት ሰው ጎድሎ ግማሽ ሰዓት ቆምን። ለምን እንደምጸልይ ግራ ገባኝ። ትክክል ከሆንኩ ክትባቱ ተበላሽቷል፤ ከተሳሳትኩ ደህናውን ክትባት በአፌ ማስደፋቴ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሁኔታዬን አይተው የታመመብኝ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። እግዚአብሔር ይማርልህ አሉኝ። አሜን ያልኩት ከልቤ ነው።

ስደርስ ሲስተር አበበች ወንበር ስባ የፍሪጁ በር ላይ ተቀምጣለች፤ ቁልፉ ጉያዋ ውስጥ ነው። ለካ ከደወለችልኝ በኋላ በሩን ከፍታ፣ ታችኛው መደርደሪያ ላይ የተንጠለጠለውን ቴርሞሜትር አይታ ኖሯል። አራት ዲግሪ ይላል። ይህንኑ ለኃላፊው ለአቶ ኤርጫፎ ብትነግራቸው፣ መምህሩ ራሱ ኮምፒውተር አይሳሳትም ብሏል፣ ክትባቱ ይወገድ አሉ። እሷም መምህሩ መጥቶ ዓይኔ እያየ ይድገመው ብላ ቁልፉን ከለከለች።

አልደገምኩትም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ሣጥኗ የላከችውን መስመር እንዳለ አየሁት፤ «1,,4,12»። ለካ በጽዳት ጊዜ የላይኛው መደርደሪያ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ተነቅሎ ኖሯል። ሣጥኗ የማታውቀውን አልቀባጠረችም፤ ቦታውን ባዶ ትታ ኮማዋን አኖረች። እኔ የተጠቀምኩበት ስትርቶክ የሚሉት መቁረጫ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ኮማዎችን እንደ አንድ ይቆጥራል። ባዶውን ዘለለና አራቱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ወሰደ፤ የባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት የታችኛው መደርደሪያ ሙቀት ሆኖ ቁጭ አለ።

ይህን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ለሲስተር አበበች አስረዳኋት።

«እኔ ስም ስጠራ የቀረች እናት ካለች ቀርታለች ብዬ እጽፋለሁ» አለችኝ። «የሚቀጥለውን ልጅ በቀረው ልጅ ስም አልከትብም።»

እዚያው ተቀምጬ ፕሮግራሙ ኮማ በኮማ እየቆጠረ ባዶውን ባዶ እንዲል አድርጌ ጻፍኩት። መስመር መዝጊያዋን ሴሚኮለን ሁለት ጊዜ ረሳሁ። በማግስቱ እናቶቹ መጡ፤ ልጆቹ እንደ ወጉ አለቀሱ፤ ሁሉም ተከተቡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አቶ ኤርጫፎ የፈረሙበት ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንዱ ለእኔ የተጻፈ ምስጋና ነው፤ ፕሮግራሜ የተነቀለ ሽቦ በወቅቱ ስለጠቆመ። ሌላው ለሲስተር አበበች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፍሪጁን ያለ ኃላፊ ፈቃድ ስለከፈተች። ጊምቢቹ ተመልሼ ለአቶ ኤርጫፎ አንድም ሳላስቀር ተናዘዝኩ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ክትባቱን ያተረፈችው እሷ እንደሆነች፣ ኮማው የቱ ጋ እንደነበረ ሳይቀር። በትዕግሥት አዳመጡኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

«መምህር፣ የዚህ ጉዳይ ሪፖርት ዞን ጤና ቢሮ ገብቷል» አሉኝ። «ለሁለት ኮማ ብዬ አላስመልሰውም።»